አራት ሲደመር አራት፣ አምስት

ግድግዳው ላይ በትልቁ «4 + 4 = 5» ይላል። ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በጠመኔ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ በመዳፌ ጠረግ አድርጌ፣ ሳል ሳል ብዬ አልፈው ነበር። ይሄ ግን ከፕሮጀክተር የሚወጣ፣ ባለ ሦስት ቀለም ሥዕል የታከለበት፣ ሁለት ምሽት የፈጀብኝ ፋይል ነው። በመዳፍ አይጠረግም።

የፓይታጎረስን ቲዎረም (በቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስት የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ካሬ ሲደመር ከረጅሙ ጎን ካሬ ጋር እኩል ነው የሚለውን) ለማስተማር ጂኦጀብራ በሚባል የሒሳብ ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም የሠራሁት ነበር። መሐል ላይ ቀጤ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት፣ በሦስቱም ጎኖቹ ላይ ሦስት ካሬዎች፣ ከሥር ደግሞ የካሬዎቹን ስፋት የሚናገር አንድ መስመር አለ። መስመሩ «1 + 4 = 5» ይል ነበር። ልጆቹ አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደ ደብተራቸው ገለበጡት። ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው ልሻገር ስል ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ ነጥብ ይንቀሳቀሳል እንዴ?» አለችኝ። «እንዴታ! ጥቅሙ እኮ እሱ ነው» አልኳትና ማውዙን ሰጠኋት።

የላይኛውን ነጥብ ይዛ ከ1 ወደ 2 ሳበችው። ጎነ ሦስቱ ረዘመ፣ ካሬዎቹም አብረውት አደጉ። የታችኛው መስመር ግን የነቃው በግማሽ ጎኑ ነው። በግራ «4 + 4» አለ፤ በቀኝ ያችው 5 ፍንክች ሳትል ቀረች።

ክፍሉ ለአፍታ ዝም አለ። ልጅቷ ያለ ምንም ተንኮል «ቲቸር፣ ታዲያ ፓይታጎረስ ነው የተሳሳተው?» ብላ ጠየቀች። ሳቁ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «ፋይሉ ሳይበላሽ አልቀረም» ብዬ ዘጋሁት።

ፋይሉ ምንም አልሆነም ነበር። ያን ስናገር ራሱ አውቀው ነበር።

2.24

ስህተቱን የሠራሁባትን ደቂቃ በደንብ አስታውሳታለሁ፤ የማትለቀኝም ለዚሁ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ ውስጥ ጎኖቹ የሚጠሩት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን በራሳችን ሆሄ ልጥራቸው። የቆመው ጎን ‹ሀ›፣ የተኛው ‹ለ›፣ ሰያፉ ‹ሐ› ይሁን። ‹ሀ› 1 ነው፣ ‹ለ› 2 ነው። ስለዚህ ‹ሐ› የ5 ስኩዌር ሩት ነው፤ 2.2360679 እያለ የሚቀጥል፣ ማለቂያ የሌለው ቁጥር። ጂኦጀብራ ደግሞ ካልነካኩት በቀር ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ ስለሚያሳይ በአልጀብራው መስኮት ላይ የሚታየው 2.24 ነበር።

የታችኛውን መስመር ስጽፍ የግራውን ክፍል በሥርዓቱ ሠርቼዋለሁ። ‹ሀ› እና ‹ለ›ን በስማቸው ጠርቼ፣ ከሥዕሉ ጋር አያይዤ፣ እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዛሁ። ቀኙ ላይ ስደርስ መሽቷል፣ ዓይኔም ደክሟል። ‹ሐ›ን ከዝርዝሩ ፈልጎ ከማያያዝ ይልቅ ያየሁትን ቁጥር በእጄ መክተት ቀለለኝ። 2.24ን በራሱ አባዛሁ። «1 + 4 = 5.02» ብሎ ወጣ።

እዚህ ላይ ነበር መቆም የነበረብኝ። 1 እና 4 ተደምረው በምንም ተአምር 5.02 አይሆኑም። እኔ ግን ቁጥሩን ወደ 2.236 አስረዘምኩት። 2.236 በራሱ ሲባዛ 4.999696 ነው፤ ወደ ሁለት አኃዝ ሲጠጋጋ 5 ሆኖ ይታያል። «ተስተካከለ» አልኩና ተኛሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ እንኳ ያፈሰስኩትን ሳልለቅም ነው ያደርኩት።

አንድ ተማሪ ፈተና ላይ መልሱን ከጓደኛው አይቶ፣ ከዚያ መልስ የሚያደርስ መንገድ ወደ ኋላ እየፈለገ ቢጽፍ አንድም ማርክ አልሰጠውም። የእኔም ሥራ ከዚያ አይለይም። መልሱ 5 መሆን እንዳለበት ስለማውቅ 5 የሚመስል ነገር እስኪወጣ ድረስ ቁጥሩን ለጠጥኩት። ልጅቷ ነጥቧን ባትነካካ ኖሮ ያ ፋይል ለዓመታት በትክክለኛ ፋይል ስም ይኖር ነበር። ስንት ሌላ እንዲህ ያለ ፋይል እንዳለኝ ሳስብ ሆዴ ይረበሻል።

ያልታወቀ እና ተለዋዋጭ

በዚያች ምሽት 2.24 እና ‹ሐ› ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ነበሩ። ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ማንም አይለያቸውም። ቆይቼ ሳስበው ግን 2.24 ትዝታ ነው። ነጥቡ እዚያ ቦታ ላይ በነበረበት ሰዓት ርዝመቱ ስንት እንደነበር ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቅም። ‹ሐ› የሚለው ስም ደግሞ ነጥቡ በተነሳ ቁጥር ሄዶ ይለካል።

ትምህርት ቤት ሳለን ፊደልን በሒሳብ ውስጥ ያወቅነው «ኤክስን ፈልግ» በሚል ትእዛዝ ነው። ኤክስ የሆነ ቦታ የተደበቀ አንድ ቁጥር ነበር። ታገኘዋለህ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር ታሰምርበታለህ፣ አለቀ። ከተያዘ በኋላ ፊደሉ ምንም አይሠራም። በቋንቋችን ለዚህ ነገር ሁለት ቃል አለን፤ አንዱ «ያልታወቀ» ነው፣ ሌላው «ተለዋዋጭ»። ለብዙ ዓመት ሁለቱ አንድ ይመስሉኝ ነበር። አሁን ሳያቸው የተራራቁ ናቸው። ያልታወቀ ነገር አንድ ቦታ ተቀምጦ አንተን ይጠብቃል። ተለዋዋጭ ግን ዛሬ ብታውቀውም ነገ ሌላ ነው፤ ማወቅህ አያቆመውም።

እ.ኤ.አ. በ1591 ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፍራንስዋ ቪዬት ለማይታወቁት ብዛቶች አናባቢ ፊደላትን፣ ለሚታወቁት ደግሞ ተነባቢዎችን ሰጠ። በ1637 ሌላው ፈረንሳዊ ዴካርት ይህን ለወጠውና ከፊደል ተራው መጀመሪያ ያሉትን ለሚታወቁት፣ መጨረሻ ያሉትን ለማይታወቁት አደረገ፤ እነ ኤክስ የመጡት ከዚያ ነው። ይህን ታሪክ ድሮም አውቀው ነበር፤ ሁልጊዜ ዓይኔ የሚያርፈው ግን ያልታወቀው ላይ ነበር። ትልቁ ነገር ሌላኛው ነው። ለሚታወቅ ቁጥር ስም ማውጣት ምን ያደርጋል? 3 መሆኑን እያወቅህ ለምን ‹ሀ› ትለዋለህ?

ምክንያቱም 5 ከየት እንደመጣ አይናገርም። ከ1 እና ከ4 ይምጣ፣ ከ2 እና ከ3 ይምጣ፣ ፊቱ አንድ ነው። የ‹ሀ› ካሬ ሲደመር የ‹ለ› ካሬ ካልክ ግን መንገዱ እንዳለ ተቀምጧል። ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ የሚሉት ይኸው ነው። ‹ሐ› 2.24 ገደማ መሆኑን እያወቅሁ በስሙ ልጠራው ይገባ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ኮምፒዩተር የሞካከረ ሰው በዚህ ጉዳይ የበለጠ ይደናገራል፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ «ሀ = 3» ብለህ፣ ቀጥለህ «ለ = ሀ + 1» ብትል ‹ለ› 4 ይሆናል። በኋላ ‹ሀ›ን 10 ብታደርገው ‹ለ› አሁንም 4 ነው፤ ያኔ ተሰልቶ ተቀምጧል፣ ዳግም ዞር ብሎ አያይም። ያንኑ ሁለት መስመር ጂኦጀብራ ላይ ጻፍና ‹ሀ›ን 10 አድርገው፤ ‹ለ› 11 ሆኖ ይጠብቅሃል። በጽሑፍ ልዩነት የላቸውም። አንዱ የአንድ ጊዜ ትእዛዝ ነው፣ ሌላው የማይፈርስ ውል። የሠንጠረዥ ፕሮግራሞችም እ.ኤ.አ. ከ1979ኙ ከቪዚካልክ ጀምሮ የሚሠሩት በውሉ ነው፤ አንድ ሳጥን ሲነካ በእሱ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ይሰላል። ሥዕልን በውል ማሠር ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። አይቫን ሰዘርላንድ በ1963 በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ በሠራው ስኬችፓድ በተባለ ፕሮግራም ሰው በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መስመር ይሠራና «እነዚህ ሁለቱ ትይዩ ይሁኑ» ይላል፤ ማሽኑ ያንን ይጠብቃል። ማርኩስ ሆኸንዋርተር በ2001 ኦስትሪያ፣ ዛልስቡርግ ላይ ጂኦጀብራን ሲጀምር ሥዕሉንና አልጀብራውን በአንድ ስክሪን አጋባቸው፤ ስሙም ከጂኦሜትሪና ከአልጀብራ የተገጣጠመ ነው።

ሒሳብ የሚፈሩ ልጆች ፊደልን መጀመሪያ ያገኙት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ አይሸሹም ነበር ብዬ አስባለሁ። ማስረጃ የለኝም፤ የሚጎትቱት ነገር እጃቸው ሲገባ ፊታቸው እንዴት እንደሚለወጥ ስላየሁ ነው።

ማን በማን ላይ ተንጠለጠለ

ፋይሉን ልጠግን በተቀመጥኩበት ማታ መጀመሪያ ያደረግሁት አንድ ትርፍ የመሰለኝን ነጥብ ማጥፋት ነበር። ግማሹ ሥዕል አብሮት ጠፋ። ጎነ ሦስቱ፣ ካሬዎቹ፣ ጽሑፉ ሁሉ በእሱ ላይ የቆሙ ነበሩ። ደግነቱ መመለሻ ቁልፍ አለ።

እዚያ ዓለም ውስጥ ነገር ሁሉ ወይ ነጻ ነው ወይ ጥገኛ። ነጻውን ይዘህ ትጎትታለህ፤ ጥገኛው እንደ ወላጆቹ ይሆናል እንጂ አንተን አይሰማም። ‹ሐ›ን በቀጥታ 7 ላድርገው ብትል አይሆንም፤ ጫፎቹን ማንቀሳቀስ አለብህ። ‹ሀ›ን በ‹ለ›፣ ‹ለ›ን ደግሞ በ‹ሀ› ልተርጉም ብትልም አይቀበልህም፤ ትርጉሙ ክብ ሠራ ብሎ ይመልስሃል። ሰው እንዲህ ባለ ክብ ውስጥ ሙሉ ቀን ሲከራከር ይውላል፤ ማሽኑ ግን በአንድ መስመር ይነግርሃል።

ከዚያ ስላይደር ጨመርኩ፤ የ‹ሀ›ን ርዝመት ወዲያ ወዲህ የሚያንሸራትት። ዝም ብለህ ስትፈጥረው ከ-5 እስከ 5፣ በ0.1 እርምጃ ይሰጥሃል። ወደ ግራ ሳንሸራትተው ጎነ ሦስቱ ተገልብጦ ወደ ታች ተንጠለጠለ፣ ርዝመቱም -3 ነው አለኝ። -3 የሚባል ርዝመት የለም። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? «‹ሀ› ርዝመት ነው» ብዬ በልቤ አሰብኩ እንጂ ለፕሮግራሙ አልነገርኩትም። መነሻና መድረሻውን መወሰን ራሱ ስለ ነገሩ ምንነት የሚሰጥ ቃል ነው። እርምጃውም እንዲሁ ነው፤ በ0.1 የሚራመድ ስላይደር ከ1.4 ወደ 1.5 ይዘላል፣ የ2 ስኩዌር ሩት መሐል ላይ ሳይነካ ይቀራል።

በእኛ ፊደል ላደገ ሰው የምትከብድ አንዲት ወጥመድም አለች። የእኛ ሆሄ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ‹ሀ› በዓረፍተ ነገር መጀመሪያም መሐልም ያው ‹ሀ› ነው። ስለዚህ ዓይናችን የላቲኑን ትልቅና ትንሽ እንደ ጌጥ ያልፈዋል። ጂኦጀብራ ግን በትልቁ ኤ ስም (1, 2) ብለህ ብትጽፍ ነጥብ ያደርገዋል፣ በትንሹ ኤ ብትጽፈው ቬክተር፣ ማለትም ቀስት። አንድ ቀን ሙሉ ቀስት ለምን እንደሚወጣብኝ ሳይገባኝ ውያለሁ። የ30 ሳይንም እንደዚሁ ነው፤ የዲግሪ ምልክቷን ከረሳህ በሌላ የማዕዘን መለኪያ፣ በራዲያን፣ ይሰላና 0.5 ስትጠብቅ -0.99 ይመጣል። እሱን ተማሪዎቼ ላይ ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥርም።

የእኩል ምልክቱ

‹ሐ›ን በቦታው መለስኩት። ጎተትኩ፤ «4 + 4 = 8» አለ። እንደገና ጎተትኩ፤ «9 + 4 = 13»። ልክ ነው ብዬ ልዘጋ ስል፣ ያቺ ልጅ ብትሆን ምን ትነካ ነበር ብዬ አሰብኩ። የላይኛው ነጥብ እስከዚያ ድረስ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነበር የሚሄደው፤ ቀጤ ማዕዘኑ እንዳይበላሽ አስሬዋለሁ። ፈታሁትና ወደ 2 መልሼ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ሳብኩት፤ አሁን በ(1, 2) ላይ ነው። ማዕዘኑ ጠበበ፣ ካሬዎቹ አዘነበሉ፣ ከሥር ደግሞ እንዲህ አለ፦ «5 + 4 = 5»።

ያቺው 5 ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ ግን ሁሉም ቁጥር በትክክል የተያያዘ ነው። ደጋግሜ ቆጠርኩት፤ ከመነሻው ነጥብ እስከ (1, 2) ያለው ርቀት ካሬ 5 ነው፣ የተኛው ጎን ካሬ 4 ነው፣ የሰያፉም 5 ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው። ውሸቱ መሐላቸው ያለው ምልክት ነው። እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም፣ ማንም አልመረመረውም።

እነዚህን ሁለት ትይዩ ሰረዞች እ.ኤ.አ. በ1557 ያስገባው የዌልሱ ሮበርት ሪኮርድ ነው፤ ከሁለት ትይዩ መስመሮች ይበልጥ እኩል የሆነ ነገር ስለሌለ መረጥኳቸው ብሏል። ያኔ አንድ ሥራ ነበራቸው። እኛ ግን ስንት ሸክም ጫንባቸው። «ሀ = 3» ስንል ስም እያወጣን ነው። «ኤክስ ሲደመር 2 = 7» ስንል ጥያቄ እየጠየቅን ነው። «1 + 4 = 5» ስንል ደግሞ ምስክርነት እየሰጠን ነው። የእኔው ጽሑፍ የምስክርነቱ ዓይነት ነበር፣ የሐሰት ምስክር።

ስለዚህ ምልክቱንም ተለዋዋጭ አደረግሁት። ጂኦጀብራ «ይህ ከሆነ ይህን ጻፍ፣ ካልሆነ ያንን» የሚል ትእዛዝ አለው። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲሆኑ «=»፣ ሳይሆኑ «≠» እንዲል ጻፍኩለት። ግን እኩል ማለት ምን ያህል እኩል? ኮምፒዩተር ቁጥር የሚይዘው በሁለት ቤት፣ በ0 እና በ1 ብቻ እየጻፈ ነው፤ 0.1 በዚያ አጻጻፍ ማለቂያ ስለሌለው ተቆርጦ ይቀመጣል። በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች 0.1 እና 0.2ን ደምረህ ብታይ 0.30000000000000004 ይልሃል፤ ከ0.3 ጋር እኩል ነው ወይ ብትለው አይደለም ይላል። በማውዝ የተጎተተ ነጥብም ቀጥ ያለው 90 ዲግሪ ላይ በትክክል አያርፍም። ልዩነታቸው ከ0.001 ካነሰ እኩል በላቸው አልኩት።

ጽፌ ስጨርስ ደነገጥኩ። 2.236 ያልኩ ጊዜ ያደረግሁት ይኸንኑ አይደል? «5 ከመሰለ 5 ነው» አልኩ እኮ። ለረጅም ሰዓት ተቀመጥኩበት። ልዩነት አለው ብዬ የወሰንኩት በኋላ ነው። የዚያን ማታው ማጠጋጋት የተደበቀ ነበር፤ ተማሪ ሊያየው አይችልም፣ ሊጠይቅበትም አይችልም። ይህኛውን 0.001 ከቀመሩ ውስጥ አውጥቼ የራሱ ስላይደር ሰጠሁት። ለራሴ «ትዕግሥት» እለዋለሁ፤ ስንት ስህተት እንደምችል ይናገራላ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይሉ የለ? ትዕግሥትን ስታሰፋው የተጣመመ ጎነ ሦስት ሁሉ «=» ይባላል። ስታጠበው ደግሞ በእጅ ተጎትቶ የሚያልፍ አይገኝም። ከፋይሉ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከመጀመሬ በፊት «ባለፈው ፋይሉ ተበላሸ ያልኳችሁ ውሸት ነው፤ ቀኙን ቁጥር እኔ በእጄ ከትቼው ነው» አልኳቸው። ከኋላ ጥቂቶቹ ሳቁ። ልጅቷ ግን «ገብቶኝ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ይንቀሳቀስ ነበር እኮ» አለችና እጇን ወደ ማውዙ ዘረጋች።

የላይኛውን ነጥብ ይዛ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ እስከ ማዕዘኑ ድረስ አወረደችው። ጎነ ሦስቱ ቀጠነ፣ ክር አከለ፣ ጠፋ። የቀረው አንድ መስመርና ከላይና ከታች የተለጠፉበት ሁለት እኩል ካሬዎች ናቸው። ጽሑፉ «0 + 4 = 4» ይላል።

«ቲቸር፣ አሁን ጎነ ሦስት የለም። እኩል ነው የሚለው ግን አልጠፋም። ስለ ምኑ ነው የሚያወራው?»

አንድ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥ አደረግሁትና ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አላውቅም» አልኳት። «እስቲ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጊው።»

ከፍ አደረገችው። «0.01 + 4 = 4.01» አለ።